ከሴራሚኩ በፊት ፍሳሹ

ባሕር ዳር ውስጥ ቤቱን ለማደስ ወይም መታጠቢያ ቤት ለመጨመር የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሴራሚክ መሸጫ ነው። የግድግዳው ቀለም ከወለሉ ጋር ይስማማ እንደሆነ ከቤተሰቡ ጋር ይከራከራል፤ የእጅ መታጠቢያውን ያማርጣል፤ የቦይለሩን ዋጋ ከሱቅ ሱቅ ያነጻጽራል፤ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል። ሠራተኛው ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ፍሳሹ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው ነገሩ ገና የሚታሰበው። የሌሎች ሰዎችን የግንባታ ሥራ በመከታተል የምተዳደር በመሆኔ ይህን ቅደም ተከተል ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የደረስሁበት አሳብም የዚህ ተቃራኒ ነው። በእኛ ከተማ የመታጠቢያ ቤት ዕቅድ ከመውጫው ተነሥቶ ወደ መግቢያው መሄድ አለበት። ክፍሉ የሚቆምበት ቦታ፣ ለፈቃድ የሚቀርበው ሥዕል፣ የሚገዛው ቱቦ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚወሰኑ ናቸው።

ምክንያቱ ከከተማዋ አቀማመጥ ይነሣል። ባሕር ዳር ቤቶችን ሁሉ የሚያገናኝ የፍሳሽ መስመር የላትም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ግቢ ፍሳሹን ራሱ ሰብስቦ፣ ራሱ አጣርቶ፣ ለራሱ መሬት ማስረከብ ይኖርበታል። መሬቱ ደግሞ የተሰጠውን ሁሉ የሚቀበል አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ በሜዳ ላይ የተዘረጋች ስትሆን በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ከሥር ያለው ስንጥቅጥቅ ያለ ባዛልት ነው፤ በላዩ የተኛው አፈር በብዙ ቦታ ሸክላነት የበዛበት፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ ጥቁር መረሬ ነው። መረሬው ውኃ እንደ ልብ አያሰርግም፤ የድንጋዩ ስንጥቅ በአንጻሩ ከሚገባው በላይ ያሳልፋል። ወደ ሐይቁ በተጠጉ ሰፈሮች ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ መሆኑ በዚህ ላይ ይጨመራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ ነው፤ ይኸውም በክረምት ማብቂያ የግቢያችሁ ውኃ ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚወጣ ማወቅ ነው። ሰው ጉድጓድ የሚያስቆፍረው በበጋ ነው፤ ቆፋሪ የሚገኘውም ሥራው የሚቀለውም ያን ጊዜ ነውና አይፈረድበትም። ነገር ግን ጣና ወደ ዝቅተኛ ደረጃው የሚወርደው በግንቦትና በሰኔ አካባቢ፣ ሞልቶ የሚታየው ደግሞ በመስከረም ገደማ ነው፤ በዳርቻው ያለው የከርሰ ምድር ውኃም ከዝናቡ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በግንቦት ደረቅ የነበረ ጉድጓድ በመስከረም እስከ ግማሹ ውኃ ይዞ ቢገኝ የሚያስደንቅ ነገር የለውም።

አክስቴ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ይኖራሉ። ከቤታቸው ጀርባ መታጠቢያ ቤት ለመጨመር ባሰቡ ጊዜ ጉድጓዱ መቆፈር የተጀመረው በግንቦት ነበር፤ ግድግዳውም ወለሉም ደረቅ ነበር። ቆፋሪው ግን ወገቡ ድረስ ከወረደ በኋላ አካፋውን አቁሞ ከግድግዳው አንድ እፍኝ አፈር ፈልፍሎ አወጣና አሳየን። ከላይ ያለው አፈር ወጥ ጥቁር ነበር፤ እሱ በእጁ የያዘው ግን ግራጫ ሆኖ በውስጡ የዛገ ብረት ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ተበትነውበታል። «እትዬ፣ አሁን አይታይም እንጂ በክረምት ውኃው እዚህ ድረስ ይቆማል» አላቸው። ያለው ትክክል ነበር። ውኃ ለረጅም ጊዜ የሚተኛበት አፈር አየር ስለሚያጣ በውስጡ ያለው ብረት ይሟሟና መልኩ ወደ ግራጫ ይለወጣል፤ ውኃው ሲሸሽ አየር በየስንጥቁ ይገባና ብረቱ እዚያው ዝጎ ይቀራል። በመሆኑም ግራጫውና ነጠብጣቡ የሚጀምሩበት ከፍታ በበጋም ቢሆን የክረምቱ ውኃ የት ድረስ እንደሚደርስ ይናገራል። አክስቴ «እንግዲያው ይቅር በሉኛ!» አሉ። መልሱ ግን መተው ሳይሆን ወደ ታች ሊሄድ የነበረውን ጉድጓድ ወደ ጎን ማስረዘም ነበር፤ የአዲሱም ክፍል ወለል በሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ እንዲሠራ ተወሰነ።

በብዙ ግቢ አሁንም ያለው ጥልቅ ሆኖ የተቆፈረ፣ ግድግዳው ያለ ሲሚንቶ በድንጋይ የተካበ፣ ወለሉ ያልተደፈነ አንድ ጉድጓድ ነው። ውኃ ለማይለቀቅበት ሽንት ቤት ይህ ሊበቃ ይችላል። ሻወር፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና በውኃ የሚለቀቅ መቀመጫ ያለው ቤት ግን ቀን ከሌት ውኃ ስለሚልክ እንዲህ ያለው ጉድጓድ ወይ ቶሎ ይሞላል፣ ወይ ያልተጣራውን ፍሳሽ በቀጥታ ወደ ከርሰ ምድር ውኃው ያስገባል። ለዚህ ዓይነት ቤት የሚያስፈልገው ውኃ የማያሳልፍ፣ ለሁለት የተከፈለ ሴፕቲክ ታንክና ከእርሱ የሚወጣውን ውኃ ተቀብሎ ወደ አፈሩ የሚያሰርግ ለብቻው የተሠራ ማስረጊያ ነው። በመጀመሪያው ክፍል፣ እርሱም ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል፣ ከባዱ ነገር ይዘቅጣል፣ ቅባቱና አረፋው ይንሳፈፋል፤ ወደ ሁለተኛው የሚያልፈው ከመካከል ያለው ውኃ ብቻ ነው። እንዲህ እንዲሆን መግቢያውና መውጫው ላይ ወደ ታች የሚያይ የ«ቲ» ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ ይገባል። ይህችን ርካሽ ዕቃ ብዙ ሠራተኛ ይዘላታል፤ ስትዘለል ተንሳፋፊው ቅባት በቀጥታ ወደ ማስረጊያው ይሄድና አፈሩን ይደፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ማስረጊያውን እንደገና ከመቆፈር በቀር መድኃኒት የለውም።

የታንኩን መጠን በግምት ከመወሰን ማስላት ይሻላል። ስድስት ሰው የሚኖርበት ቤት እያንዳንዱ በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም በቀን 480 ሊትር ፍሳሽ ይወጣል፤ ዝቃጩ እንዲለይ ውኃው ቢያንስ 24 ሰዓት ታንኩ ውስጥ መቆየት አለበት። ለዝቃጭ ማጠራቀሚያ በሰው በዓመት 40 ሊትር ቢያዝና ታንኩ በየሦስት ዓመቱ ቢመጠጥ ሌላ 720 ሊትር ይጨመራል። ድምሩ 1,200 ሊትር ነው። እኔ ግን እንግዳ፣ ሠርግና ተዝካር በማይጠፋበት አገር ከ2 ሜትር ኩብ በታች እንዲሠራ አልመክርም።

ማስረጊያው በሌላ ስሌት ይወሰናል። ሊሠራ በታሰበበት ቦታ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉትና አፈሩ እስኪጠግብ ሌሊቱን ተዉት፤ በማግሥቱ እንደገና ጥቂት ውኃ ጨምራችሁ 2.5 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓት ለኩ። ከ60 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ያ ቦታ ለማስረጊያ አይሆንም፤ ሌላ ቦታ መፈለግ፣ ወይም ማስረጊያውን ከመሬት በላይ ከፍ ብሎ በአሸዋና በጠጠር በተደለደለ አፈር ላይ መሥራት፣ ወይም በየጊዜው የሚመጠጥ ዝግ ታንክን መቀበል ግድ ይሆናል። በተቃራኒው ውኃው ስታፈሱት ወዲያው ድራሹ ከጠፋም ደስ አይበላችሁ፤ በድንጋይ ስንጥቅ እየሄደ ነው፣ የሚደርሰውም ወደ ሰው ጉድጓድ ሊሆን ይችላል።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ይህ የጉድጓድ ውኃ ጉዳይ ነው። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ጊዜያት ብዙ ቤተሰብ በእጅ በተቆፈረ የግቢ ጉድጓድ ይጠቀማል። በተለምዶ የሚሠራበት መለኪያ ፍሳሽ የሚሰርግበት ቦታ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅና የማስረጊያው ወለል ከከርሰ ምድር ውኃው ከፍተኛ ደረጃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ነው። አሥር ሜትር በሃያ ሜትር በሆነ ይዞታ ላይ 30 ሜትር ከየት ይመጣል? የራስን ጉድጓድ ማራቅ ቢቻል እንኳ የጎረቤት አጥር ማዶ አለ። ስለዚህ ከመቆፈራችሁ በፊት በአራቱም ማዕዘን ያሉ ጎረቤቶቻችሁን «ጉድጓዳችሁ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ርቀቱ በማይሟላበት ግቢ ደግሞ የጉድጓዱ ውኃ ለልብስና ለወለል እንጂ ለመጠጥ እንዳይውል በቤት ውስጥ ቁርጥ ያለ ስምምነት ይኑር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት ከመልካም ጉርብትና በሚያልፍ ሁኔታ ጎረቤቱን በጭስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅና በመሳሰለው እንዳያውክ ይከለክላል፤ ከፍሳሽ የተነሣ ክርክር ሲነሣም ሰው የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው። ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት በአጥር በኩል የተደረገ አንድ ጭውውት ግን ከአንቀጽ ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። አሁን አሁን ከገበያ ተገዝቶ የሚቀበር የፕላስቲክ ታንክ እየተለመደ መጥቷል፤ ፈጣንና የማያፈስ በመሆኑ እኔም አልጠላውም። ነገር ግን የከርሰ ምድር ውኃ በሚወጣበት ሰፈር ባዶ ታንክ መቅበር አደጋ አለው። 2 ሜትር ኩብ የሚይዝ ታንክ ተመጥጦ ባዶ በሆነበት ሰዓት በዙሪያው ውኃ ቢሞላ፣ ውኃው ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል እስከ ሁለት ቶን ይደርሳል፤ ታንኩም ቱቦውን ሰብሮ ከመሬት ብቅ ሊል ይችላል። መፍትሔው ከሥሩ የኮንክሪት ወለል አፍስሶ ታንኩን ማሰር፣ ደግሞም በነሐሴና በመስከረም አለማስመጠጥ ነው።

መውጫው ከታወቀ በኋላ የክፍሉ ቦታ ይወሰናል፤ እዚህ ላይ የከተማችን ሜዳነት ሒሳብ ያስከፍላል። ከመቀመጫ የሚወጣው 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ማዘንበል አለበት፤ ከእጅ መታጠቢያና ከሻወር የሚመጣው 50 ሚሊ ሜትር ቱቦም ከዚያ ባላነሰ። መታጠቢያ ቤቱን ከሳሎን ጎን ሠርቶ ታንኩን ግቢው መጨረሻ ላይ፣ 25 ሜትር ርቆ ያስቀመጠ ሰው ቱቦው ታንኩ ጋ ሲደርስ 50 ሴንቲ ሜትር ወርዷል ማለት ነው። በተራራማ ከተማ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ እኛ ጋ ግን ታንኩ በዚያው ልክ ወደ ውኃው እንዲጠልቅ፣ ከታንኩ ቀጥሎ ያለው ማስረጊያ ደግሞ ከዚያ እንዲብስ ያደርጋል። ስለዚህ ክፍሉን ወደ ታንኩ አምጡት እንጂ ታንኩን ወደ ጥልቁ አትላኩት። መስመሩ አቅጣጫ በሚቀይርበት ሁሉ ፖዜቶ፣ ማለትም ክዳን ያለው የፍሳሽ መፈተሻ ሳጥን፣ ይሠራ፤ ወለሉም ሻካራ ሳጥን ሆኖ እንዳይቀር ግማሽ ክብ ቦይ ይቀረጽበት፤ አለበለዚያ ቆሻሻ የሚይዘው እዚያ ነው። ሠራተኛው ተዳፋቱን በዓይን አይቶ «ይበቃል» ቢላችሁ፣ ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልታችሁ፣ በሁለቱ ጫፎች ውኃው እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም፣ ተዳፋቱን ከዚያ ተነሥታችሁ ለኩለት።

ስለ ሽታ በብዛት የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉና በአጭሩ፤ ሽታን የሚከለክለው ሳይፎን በሚባለው የቱቦው ጥምዝ ውስጥ የሚቀመጠው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ብቻ ነው። መቀመጫው ሲለቀቅ የወለሉ ማፍሰሻ ጉርጉር ካለ፣ ቱቦው አየር አጥቶ ያንን ውኃ እየሳበው ነው። ከዋናው መስመር ተነሥቶ ከጣሪያ በላይ የሚወጣ የአየር ማስወጫ ቱቦ ይህን ይፈታዋል፤ ሽቶና በረኪና አይፈቱትም፤ በረኪናው እንዲያውም ሲበዛ ታንኩ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያፈርሱትን ጥቃቅን ተሕዋስያን ይገድላል።

አሁን ወደ ፈቃዱ። ብዙ ሰው «ለአንዲት መታጠቢያ ቤት ደግሞ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል?» ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 እና እርሱን ተከትሎ የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 243/2003 የዘረጉት አሠራር ግን አዲስ መሥራትን ብቻ ሳይሆን ያለውን ማስፋፋትን፣ መለወጥን፣ ማፍረስንና የአገልግሎት ዓይነት መቀየርንም ከከተማው የሕንፃ ሹም ፈቃድ ጋር ያያይዛል። ቀለም መቀባትና የተሰበረ ቧንቧ መቀየር ሌላ ነገር ነው። ከነባሩ ግድግዳ ውጭ የሚወጣ ክፍል፣ ተሸካሚ ግድግዳ የሚነካ ሥራ፣ ወይም መኖሪያውን ወደ እንግዳ ማረፊያ መለወጥ ግን ቀላል ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በተለይ በሐይቁ ዳር መኖሪያውን ወደ ፔንሲዮን የሚለውጥ ሰው፣ ለስድስት ሰው የተሰላውን ታንክ ለሃያ እንግዳ ሊያውለው እንደሆነ ልብ ይበል።

ይህ የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏቸዋል። ምድብ «ሀ» በሁለት የኮንክሪት ወይም የብረት ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ባለ አንድ ፎቅ፣ ማለትም ምድሩ እንደ አንድ ፎቅ ተቆጥሮ ከላዩ ሌላ የሌለበት፣ ሕንፃ ነው፤ አብዛኛው ምድር ላይ ያለ መኖሪያ ቤታችን የሚገባው እዚህ ነው። ርቀቱ ከ7 ሜትር ሲበልጥ ወይም ቤቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ፎቅ ሲኖረው ወደ ምድብ «ለ» ይሄዳል፤ የሕዝብ መገልገያዎች፣ ፋብሪካዎችና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሕንፃዎች ምድብ «ሐ» ናቸው። ይህ ለባለ ቤቱ ባዶ ፊደል አይደለም። ልጆቹ ሲያድጉ ከላይ አንድ ፎቅ ለመጨመር ያሰበ ሰው ምድቡን ስለሚቀይር የሚጠየቀው የሥዕልና የባለሙያ ዓይነትም ይቀየራል፤ የታችኛውን መታጠቢያ ቤት ሲሠራ ለላይኛው የሚወጣውን 110 ቱቦ አብሮ ካላሰበ ደግሞ በኋላ ቢም መብሳት ይመጣል። በኮንክሪት ቢም ላይ ቱቦ ለማሳለፍ ፌሮ ሲቆረጥ ካየሁባቸው ቤቶች አንዳቸውም በሥዕሉ ላይ ቱቦው የተመለከተባቸው አልነበሩም።

ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትሄዱ መሠረቱ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታችሁ ነው፤ በመጀመሪያ ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል፣ ከወሰን ስንት ሜትር መራቅ እንደሚገባ የሚነግረውን የፕላን ስምምነት ትጠይቃላችሁ፤ ቀጥሎ ሥዕሉን አሠርታችሁ የግንባታ ፈቃድ ታመለክታላችሁ። ሕግም መመሪያም ስለሚሻሻል ሥዕል ከማሠራታችሁ በፊት በሥራ ላይ ያለውን መስፈርት ከራሱ ከሕንፃ ሹሙ ቢሮ ማረጋገጥ ይገባል፤ የጎረቤት ወሬ የአምስት ዓመት ዕድሜ ያለው ሊሆን ይችላል። በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ደግሞ ቤቱ የእርሱ ስላልሆነ አስቀድሞ ከሚያስተዳድረው አካል የጽሑፍ ስምምነት መያዝ አለበት፤ በኮንዶሚኒየም የሚኖርም ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ቱቦ የጋራ ንብረት እንደሆነና ብቻውን ሊቀይረው እንደማይችል ይወቅ።

የቢሮውን ምልልስ አላሞግሰውም። አንድ ደንበኛዬ «ፋይሉ አልተገኘም» እየተባለ በጋውን ሙሉ ሲመላለስ ቆይቶ፣ ፋይሉ ከሌላ ሠራተኛ መሳቢያ ወጥቷል። ይህ ያበሳጫል። ቢሆንም ፈቃዱን ከነጭርሱ ትቶ በሌሊት ግድግዳ የሚያቆመውን ሰው አልደግፈውም፤ ምክንያቴም ከቅጣቱ ፍርሃት በላይ ሥዕሉ ነው። ለፈቃድ ሲባል የሚሠራው የሳኒተሪ፣ ማለትም የውኃና የፍሳሽ መስመር፣ ሥዕል ከዚህ በላይ የዘረዘርኋቸውን ጥያቄዎች ሁሉ፣ ማለትም ታንኩ የት እንደሆነ፣ ስንት እንደሚይዝ፣ ቱቦው በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚያዘነብል፣ ፖዜቶው የት እንደሚቆም፣ በወረቀት ላይ እንድትመልሱ ያስገድዳል። በአገራችን የሕንፃ ደንቦች ውስጥም ዘጠነኛው ቅጽ፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው፣ ለብቻው ስለ ሕንፃ የውኃና የፍሳሽ መስመር ነው። ሥዕል የሚሠራላችሁ ባለሙያ ከሌላ ቤት የተቀዳ ገጽ አያይዞ ማኅተም ቢመታበት ገንዘባችሁ ባክኗል፤ የግቢያችሁን የውኃ ከፍታና የማስረጊያ ሙከራውን ውጤት ሰጥታችሁ በእርሱ ላይ እንዲያሰላ ጠይቁት።

ውኃ ማስገባቱ ከማስወጣቱ ይቀላል፤ ቢሆንም ጥቂት ነጥቦች አሉት። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ነው፤ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ሁለት ቶን ይመዝናል። ይህን በብሎኬት ግድግዳ ጫፍ ላይ ወይም በጣሪያ እንጨት ላይ መስቀል እብደት ነው፤ የራሱ መሠረት ያለው የብረት ወይም የኮንክሪት ማቆሚያ ያስፈልገዋል፤ መረሬ አፈር ላይ ከሆነም መሠረቱ የሚያብጠውን አፈር አልፎ መውረድ አለበት። ከፍታን በተመለከተ አሥር ሜትር የውኃ ከፍታ አንድ ባር ግፊት ይሰጣል፤ ሦስት ሜትር ማቆሚያ ላይ ያለ ሮቶ ስለዚህ 0.3 ባር ብቻ ነው። ለሩቢኔቶ ይበቃል፤ ሻወር ላይ ለሚገጠም ፈጣን ማሞቂያ ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ማሞቂያውን ከመግዛታችሁ በፊት የሚፈልገውን ዝቅተኛ ግፊት ከመመሪያው አንብቡ። ፓምፕ ካስፈለገ ከመሬት ሮቶ ወደ ላይኛው ሮቶ ይግፋ። ከቆጣሪው ቀጥሎ በቀጥታ ከከተማው መስመር የሚስብ ፓምፕ መግጠም የጎረቤትን ውኃ መንጠቅ ከመሆኑም በላይ፣ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከዜሮ በታች ሲወርድ በተሰነጠቀ ቱቦ በኩል በዙሪያው ያለው እርጥበት ይሳባል፤ ያ እርጥበት ደግሞ የአንድ ሰው ማስረጊያ ሊሆን ይችላል።

ለቤት ውስጥ መስመር አሁን የተለመደው ፒፒአር የሚባለው በሙቀት የሚገጣጠም የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ እንደ ቀድሞው የብረት ቱቦ አይዝግም። ጥንካሬው ግን ሙሉ በሙሉ በመገጣጠሚያው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ሲሠራ ተመልከቱት። ቱቦውን ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፤ ጫፉን ከአቧራ ይጠርጋል፤ የሚገባበትን ጥልቀት በእርሳስ ያሰምራል፤ ማሞቂያው 260 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረሱን መብራቱ እስኪነግረው ይጠብቃል፤ ለ20 ሚሊ ሜትር ቱቦ 5 ሰከንድ፣ ለ25 ደግሞ 7 ሰከንድ ያሞቃል፤ ከዚያም ሳያዞር ቀጥ አድርጎ ይገፋና እስኪጠነክር በእጁ ይይዘዋል። በመገጣጠሚያው ዙሪያ ወጥ የሆነ ድርብ ቀለበት ይወጣል። ችኩሉ ሠራተኛ ግን ሳይቆጥር ያሞቃል፣ አብዝቶ ይገፋል፤ ከውጭ ሲታይ ያው ነው፤ በውስጡ ግን የቀለጠው ፕላስቲክ ተጠቅልሎ የቱቦውን አፍ ግማሹን ዘግቶታል። «ውኃው ለምን ቀጠነ?» የሚለው ጥያቄ ከዓመት በኋላ ሲመጣ ግድግዳው በሴራሚክ ተሸፍኗል።

በመሆኑም ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት መስመሩ በግፊት ይፈተን። ጫፎቹ ሁሉ ተዘግተው በእጅ ፓምፕ ከሚሠራበት ግፊት 1.5 እጥፍ ድረስ ይሞላና የግፊት መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ሳይወርድ መቆየቱ ይታያል። ፓምፑን የሚያከራዩ አሉ፤ «እኔ ስሠራ አያፈስም» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ክፍያውን ከፈተናው በኋላ አድርጉት፣ ያኔ ይስማማል። ከፈተናው ቀጥሎ ሜትር ከግድግዳው ጎን ዘርግታችሁ እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሡ፤ መስተዋት ለመስቀል የተመታ ሚስማር ቱቦ የሚበሳው ይህ ፎቶ በሌለበት ቤት ነው። ለቦይለሩ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩና የኤሌክትሪክ ምድር ሽቦው ፈጽሞ አይታለፉም፤ የቫልቩ ማፍሰሻም ሰው በማይቆምበት በኩል ይውረድ።

በቆዩት ሰፈሮች ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ እኔ ራሴ በቅዝቃዜአቸው ደስ ይሉኛል። መታጠቢያ ቤቱን ግን ከጭቃው ግድግዳ ጋር አታጣብቁት። ሴራሚክ ራሱ ውኃ ባያሳልፍም በመካከሉ ያለው መገጣጠሚያ ያሳልፋል፤ የረጠበ ጭቃ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠራል። በራሱ የድንጋይ መሠረት ላይ በብሎኬት ተሠርቶ በመካከሉ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ቢተው የሁለቱም ዕድሜ ይረዝማል። የትኛውም ክፍል ቢሆን ደግሞ ወለሉ ሴራሚክ ከመልበሱ በፊት የውኃ መከላከያው ከግድግዳው ሥር ወደ ላይ ታጥፎ ይቀባ፤ ማፍሰሻው ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውኃ ለ24 ሰዓት ይታቆር።

የዝናቡን ውኃ ከፍሳሹ ለዩት። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በሐምሌ ወር ብቻ፣ ዝናቡ ወደ 400 ሚሊ ሜትር ሲደርስ፣ 40,000 ሊትር ውኃ ይቀበላል፤ ይህን በአሸንዳው ወደ ሴፕቲክ ታንክ የላከ ሰው ዝቃጩን ሁሉ አጥቦ ወደ ማስረጊያው ያስገባዋል። በሌላ በኩል ሴፕቲክ ታንክን በድብቅ ከመንገድ ዳር ቦይ ጋር ማገናኘት አለ፤ ቦዮቻችን ደግሞ መድረሻቸው ወይ ጣና ነው ወይ ዓባይ። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የጣናን አካባቢ የባዮስፌር ሪዘርቭ አድርጎ መዝግቦታል፤ እምቦጭን የሚያደልበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከማሳ ብቻ ሳይሆን ከእንዲህ ያለው ቱቦም ይሄዳል።

የሥራውን ጊዜ በተመለከተ፣ የውኃውን ከፍታ በመስከረም ለክታችሁ፣ ሥዕሉንና ፈቃዱን በኅዳርና በታኅሣሥ ብትጨርሱ፣ ቁፋሮውና ኮንክሪቱ ከጥር እስከ ሚያዝያ ያልቃል፤ ሰኔ ሲገባ የሚቀረው የውስጥ ሥራ ብቻ ይሆናል። ታንኩን ስታስቀምጡ የመጣጩ መኪና ቱቦ ከበሩ ተነሥቶ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ ክዳኑ ላይ ክፍል አትሥሩ፣ አበባም አትትከሉበት፣ ሁለቱም ክፍሎች ለየብቻቸው የሚከፈቱ ይሁኑ። ለመጠገንም ሆነ ለማጽዳት ሰው ወደ ውስጡ እንዳይወርድ አድርጉ፤ የሚታፈነው ጋዝ አንድ ጊዜ ብቻ ተተንፍሶ ሰው ሊጥል ይችላል፣ የወደቀውን ለማውጣት የሚገባውም አብሮት ይቀራል።